ክላክሱ ከየት መጣ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችውን ከሚሴን አቋርጦ ያልፋል። በገበያ ቀን በመንገዱ ዳር ብንቆም ኦሮምኛው ከአማርኛው፣ የባጃጁ ድምፅ ከሻጩ ጥሪ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጆሯችን ይገባል። በዚህ መሐል አንድ የጭነት መኪና ክላክስ ቢያሰማ፣ ዞር ብለን ሳናይ እንኳ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ እናውቃለን። እንዴት?

ነገሩ ስሌት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ወደ ቀኙ ጆሮ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወደ ግራው የሚዘገየው ግን ቢበዛ 0.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሎይድ ጀፍረስ አንጎል ይህን ኢምንት ልዩነት ሊለካ የሚችልበትን መንገድ ነደፈ፦ ከሁለቱ ጆሮዎች የሚነሡ መልእክቶች ርዝመታቸው በሚለያይ መንገዶች ተጉዘው በእኩል ጊዜ የሚገናኙበት የነርቭ ሕዋስ አቅጣጫውን ይጠቁማል። ይህ ንድፍ በጉጉት አንጎል ውስጥ ማስረጃ ተገኝቶለታል፤ በሰውና በሌሎች አጥቢዎች ረገድ ግን ክርክሩ አልተቋጨም።

ሐሳቡን ለኮምፒዩተር ከቀመሩት አንዱ አሜሪካዊው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሪቻርድ ላየን ነው። በብርሃን የሚሠራ የኮምፒዩተር ማውስ በመፈልሰፍ የሚታወቀው ላየን፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በውስጠኛው ጆሮ የሚገኘውን ቀንድ አውጣ መሰል አካል የሚወክል ስሌት አቀረበ። ይህን አካል በቦርከና ዳርቻ ውኃው በየማሳው እየተጠለፈ እንደሚወርድ የመስኖ ቦይ ልንመስለው እንችላለን፦ ቀጭኑ ድምፅ በመግቢያው አካባቢ ይቀራል፤ ወፍራሙ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። በ1983 ሁለት እንዲህ ያሉ ጆሮዎችን አጣምሮ፣ የድምፅን አቅጣጫ የሚለይና የተደባለቁትን የሚነጣጥል ስሌት አሳተመ። በ1988 ከካርቨር ሚድ ጋር ሆኖ ጆሮውን በሲሊከን ላይ ሠራው። በ2017 ደግሞ የብዙ ዓመታት ምርምሩን በመጽሐፍ አሰባስቦ አወጣ።

ስለ ሞገድ ስናስተምር ተማሪዎቻችን «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» ይሉናል። መልሱ እዚያው ከሚሴ ጎዳና ላይ ነው። በአንድ ጆሮው ብቻ የሚሰማ ልጅ ክላክሱን ይሰማል፤ የሚያነጻጽረው ሁለተኛ መልእክት ስለሌለው ግን አቅጣጫውን ለመለየት ይቸገራል፤ ወደ መኪናውም ሊሸሽ ይችላል። በክፍል ውስጥ ጫጫታ ሲበዛ የመምህሩን ድምፅ ለይቶ መከተል ይከብደዋል። ስለዚህ ከልጅ ጆሮ መግል ሲፈስ «አንዱ ጆሮው ደኅና ነው» ብለን አንተወው፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ስሌቱ የሚሠራው በሁለቱ ነውና።