ስለ ፈረስ ገምባሌና ስለ ጋጥ ንጽሕና

«ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» የሚለው ምሳሌ ስለ ጋን የተነገረ እንደ ሆነ እውነት ነው፤ ስለ ፈረስ የተነገረ እንደ ሆነ ግን አይሠራም። የዝንብ መንጋ ጋን ለመክፈት ባይችልም ፈረስን ማክሳት፣ ሰኮናውን ማሰንጠቅ፣ ትንሹንም ጭረት ወደ ትልቅ ቁስል ማድረስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ ጥቂት መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ቢኖሩም፣ ፈረስ ለሚያሳድር ሰው ሁሉ፣ ይልቁንም ብዙ ባለፈረስና ብዙ ባለጋሪ ባለበት አገር ለተሾመ ሹም፣ የፈረስን እግር ከዝንብ የመጠበቅ ጉዳይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ፈረስ በአገራችን የነበረውን ክብር የማያውቅ የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ መባላቸው በፈረስ ስም መጠራት ማዕርግ ስለ ነበረ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም ይህን ክብር ጠብቆ እስከ ዛሬ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ከተማ ፈረስ ጋሪ እየሳበ የድኻውን ቤት ይመግባል። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል፤ ለማድረስ ግን ጤነኛ እግር ያስፈልገዋል።

አሁን የፈረስን እግር የሚያሠቃየው ዝንብ የትኛው እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል። በቤት ውስጥ በምግብ ላይ የሚያርፈው ዝንብ አይናከስም፤ በዓይንና በቁስል ላይ ተቀምጦ እርጥበት ይልሳል እንጂ። ሌላው ግን መልኩ የቤቱን ዝንብ የሚመስል፣ ከአፉ ወደ ፊት የወጣ እንደ መርፌ ያለ መንደፊያ ያለው ነው፤ እርሱን የጋጥ ዝንብ እንለዋለን። ወንዱም ሴቷም ደም ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በፈረስ እግር ላይ ከጉልበት በታች ነው፤ በዚያ ሥፍራ ጭራ አይደርስምና። ጥቂት ደቂቃ ያህል ደም ከመጠጠ በኋላ ሄዶ በግድግዳና በአጥር ላይ ያርፋል። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው ብሉይ ኪዳን በግብጽ ላይ የወረደውን የዝንብ መቅሠፍት «የውሻ ዝንብ» ብሎ መጥራቱ ተናካሹ ዝንብ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ጠላት መሆኑን ያሳያል።

ፈረስ በዚህ ዝንብ ሲነደፍ ቀኑን ሙሉ መሬት ይደበድባል። ሲደበድብም ሰኮናው ይሰነጠቃል፤ የቁርጭምጭሚቱ መጋጠሚያ ይታመማል፤ መጋጡን ትቶ ስለሚቆም ይከሳል። ከዚህም የከፋው ነገር ቁስሉ ነው። የዝንብ ትልቅ ጉዳት መንደፉ ብቻ ሳይሆን የአንዱን ፈረስ መግል ወደ ሌላው ቁስል ማጓጓዙ ጭምር ነውና።

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘውን ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በአንድነት ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሆን ደን፣ ሣርና ተክል ያለበት ሥፍራ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር ስለሚበልጥ ሌሊቱ ይበርዳል፤ በብርድም ዝንብ የሚራባው በዝግታ ነው። በእንጦጦ ዳገት ፈረስ የሚያሳድሩና ለጎብኚ የሚያከራዩ ሰዎችም በዚህ ደጋ ምክንያት ከቆላው ባለፈረስ ይልቅ ዕድለኞች ናቸው። ነገር ግን ክረምቱ አልፎ በመስከረምና በጥቅምት ፀሐይ ስትበረታ፣ ዝናም ያራሰው ገለባ ከፋንድያና ከሽንት ጋር ተደባልቆ በጋጡ ጥግ ተከምሮ ከተገኘ፣ የጋጥ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያ ነው። በሞቀ ወራት እንቁላሉ ትል፣ ትሉም ዝንብ እስኪሆን ድረስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ አገሩ ደጋ ነው ብሎ ጋጡን ችላ ማለት አይገባም።

ከጉለሌ ወደ ሞቃቱ አገር ሲወርዱ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 የታተመ ጥናት፣ በቆዳ ሥር እንደ መቁጠሪያ ተከታትሎ እያበጠ በሚፈነዳው የሻጋታ በሽታ ከመቶው 18.8 ፈረሶች ተይዘው እንደ ተገኙ ይናገራል። በሞጆ ከመቶው 39 ያህሉ ታመው ነበር፤ በቀዝቃዛው ደጋ ግን በሽታው እጅግ ጥቂት ነው። ይህ በሽታ የሚገባው በተላጠና በቆሰለ ቆዳ ነው፤ ከሚያዛምቱትም አንዱ ዝንብ ነው። ስለዚህ የፈረስን እግር ሳይቆስል መጠበቅ የባለጋሪውን እንጀራ መጠበቅ ነው።

የፈረስ ገምባሌ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። ቀድሞ ገምባሌ ብለን የምናውቀው የወታደርን ባት የሚሸፍነውን ነበር፤ አሁን በባሕር ማዶ ለፈረስም እንደ ወንፊት ነፋስ ከሚያሳልፍ ጠንካራ መረብ እየተሰፋ ለአራቱም እግር ይሠራል። ሲመርጡት ይህን መመልከት ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ልኩን። ከጉልበት በታች አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱን ሸፍኖ ከሰኮናው በላይ ያበቃ። የኋላው እግር ቅልጥም ከፊተኛው ስለሚረዝም ሁለቱን ለየብቻ መለካት ይገባል። አብዛኛው ያገራችን ፈረስ ከባሕር ማዶው ትልቅ ፈረስ ያነሰ ስለሆነ ለዚያ የተሠራው ሰፍቶ ይወርዳል፤ የወረደም ገምባሌ ፈረሱን ይጠልፋል።

2ኛ፤ መረቡን። በራሱ የሚቆም፣ ከእግሩ ጥቂት የሚርቅ ይሁን። በቆዳው ላይ የተጣበቀ እንደ ሆነ ዝንቡ በመረቡ ቀዳዳ አሳልፎ ይነድፋልና ዋጋው ከንቱ ነው።

3ኛ፤ ጠርዙን። ከላይም ከታችም ለስላሳ ጨርቅ የተሰፋበት ይሁን፤ አለዚያ ከዝንብ ያዳነውን እግር ራሱ ይልጠዋል።

4ኛ፤ ማሰሪያውን። ሰፊና ተጣባቂ፣ በችግርም ጊዜ ተላቅቆ የሚለቅ ይሁን። በገመድ ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ደሙን ያግዳል፣ ጅማቱንም ይጎዳል።

ከባሕር ማዶ ለማስመጣት አቅም የሌለው ሰው ለመስኮት ከሚሆን መረብና ከአቡጀዴ በኮርቻ ሰፊ እጅ ሊያሰፋ ይችላል። ነገር ግን ሰውን ከወባ ለመጠበቅ የታደለውን አጎበር ቆርጦ ለፈረስ ማድረግ ነውር ነው፤ ሹማምንትም ሊከለክሉት ይገባል።

አጠቃቀሙም እንዲህ ነው። አስቀድሞ እግሩን አጥቦ ማድረቅ፤ ጭቃ ወይም ጭንጫ በውስጥ ከቀረ ያቆስላል። ማሰሪያው በውጭ በኩል ሆኖ ጫፉ ወደ ኋላ ይመልከት፤ ታስሮም ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ፈረሱ እስኪለምደው በጠባብ ግቢ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ እየሳቡ ማዞር ይሻላል። ዝንብ የሚበረታው በቀን ስለሆነ ማታ ይፈታ፤ ሲፈታም እግሩ በእጅ እየተዳሰሰ እብጠትና ጭረት እንዳለ ይታይ፤ ገምባሌውም ታጥቦ ይሰጣ። የቆሰለ ፈረስ ያደረገውን ለሌላ ፈረስ ማድረግ በሽታን በእጅ እንደ መስጠት ነው።

ሆኖም ገምባሌ የማይችለውን ነገር ማወቅ ይገባል። የአፍሪቃ የፈረስ በሽታ የሚባለውን የምታመጣው ደቃቅ ተናካሽ ትንኝ በማታና በሌሊት የምትበር፣ መረብም የማያግዳት ናት፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱንም በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጃል። በቆላ ገንዲን የሚያመጣውም ዝንብ በሆድም በአንገትም ስለሚነድፍ አራት እግር መሸፈን አያድንም።

ከሁሉም በላይ ግን ገምባሌ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም። ፋንድያውን በጋጡ ደጃፍ ከምሮ ለፈረሱ ገምባሌ የሚያለብስ ጌታ በአንድ እጁ ዝንብ እያረባ በሌላው የሚያባርር ነው። ፋንድያና እርጥብ ገለባ በየቀኑ ተጠርጎ ከጋጡ ርቆ ይከመር፤ ክምሩም ተሸፍኖ እየተገለበጠ ሲሞቅ ትሉ በሙቀቱ ይሞታል፤ የቀረውም እንደ ጉለሌ ላለ የተክል ሥፍራና ለችግኝ ማፍያ መልካም ማዳበሪያ ይሆናል። ማታ ማታም እንደ አገሩ ልማድ ጥንጁት ወይም ወይራ ማጤስ ይረዳል፤ ጢሱ ግን ፈረሱን እንዳያፍን በር ይከፈት።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ለባለጋሪዎች ሁሉ «ገምባሌ ግዙ» የሚል ትእዛዝ ከማውጣታቸው በፊት፣ በገበያና በጋሪ ማቆሚያ የፋንድያ ጉድጓድ ቢያስቆፍሩ፣ የሚጠርግም ሰው ቢመድቡ፣ የቆሰለውንም ፈረስ ለይተው ወደ እንስሳት ሐኪም ቢልኩ፣ ወጪው ያነሰ ጥቅሙም የበለጠ ይሆናል። ባለ ይዞታዎችም በየግቢያቸው እንዲሁ ቢያደርጉ ጎረቤቱ አይቶ ይከተላል። ጋጡ ከጠራ በኋላ የተገዛ ገምባሌ ግን ለፈረሱ ዕረፍት፣ ለባለቤቱም ትርፍ ነው።