ደርሶ መልስ ወደ አምቦ

በትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ባሕር የሚዞር መንገደኛ የሚገዛው አንድ ጥብቅ ሰዓት አለ። መርከቡ ጠዋት ወደብ ይጠጋል፤ መንገደኛው ወርዶ ከተማውን ይጎበኛል፤ ማታ ከተባለው ሰዓት ከዘገየ ግን መርከቡ ትቶት ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትምና ነገሩ እኛን የሚመለከት አይመስልም። ሆኖም ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነሥቶ፣ አምቦ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ለመግባት ያሰበ ሰው በዚያው ሒሳብ ነው የሚታሰረው። መመለሻው ቁርጥ ነው፤ ሊለጠጥና ሊሸበሸብ የሚችለው መሃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በምዕራብ ሸዋ የተዝናና ቀን የሚውለው፣ የትኛውን ቦታ ሳያይ እንደሚመለስ ከዋዜማው ቆርጦ የተነሣ ሰው ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ርቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጊዜ የሚበላው የከተማ መውጫው መጨናነቅና በየከተማው መሃል የሚያቋርጠው እግረኛ፣ ባጃጅና ከብት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሣ ሰው፣ መንገድ ላይ ቁርስ ከበላ፣ 4 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ሳይጨልም አዲስ አበባ ለመግባት ደግሞ 9 ሰዓት ላይ መነሣት አለበት። በእጁ የሚቀሩት 5 ሰዓታት ናቸው። ብዙዎች እነዚህን 5 ሰዓታት በአምቦ ፍልውሃ፣ በጉደር ፏፏቴ፣ በወንጪ ሐይቅ፣ ከተቻለም በደንዲ ሐይቅ ሊያካፍሏቸው ይሞክራሉ። ጉደር ቅርብ ነው፤ ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ወንጪ ግን ሌላ ነገር ነው። መንገዱ ከአምቦ ወደ ደቡብ ዳገት ይዞ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው የተራራ ጠርዝ ይወጣል፤ ሐይቁ ከጠርዙ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የተኛው። መውረድ አለ፣ ወደ ወንጪ ቂርቆስ ደሴት በጀልባ መሻገር አለ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ያንኑ ቁልቁለት መልሶ መውጣትም አለ። ፈረስ ቢከራዩም እንኳ ይህ ብቻውን የ5 ሰዓቱን በጀት ይጨርሰዋል። አምቦንና ወንጪን በአንድ ቀን የሚያጣድፍ ሰው የሚያስታውሰው የመኪናውን መስኮት ነው።

«ታዲያ አምቦ ብቻዋን ምን አላት?» የሚለው ተቃውሞ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ወንጪ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመርጣለች፣ «ገበታ ለሀገር» በተባለው ፕሮጀክትም ታቅፋ መዝናኛ ተሠርቶባታል፤ የአምቦ ከተማ ግን ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች የዞን ከተማ ናት ይባላል። ከተማዋን ሲያልፉባት እንዲህ መምሰሏን አልክድም። ነገር ግን ፍልውሃው፣ ወንጪና ደንዲ የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ከየረር ተራራ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የመሬት ቅርፊት ስንጥቅ አለ፤ የስምጥ ሸለቆ ወደ ጎን የዘረጋው ክንድ ነው። ወንጪንና ደንዲን የፈጠሩት እሳተ ገሞራዎች የፈነዱት በዚሁ መስመር ላይ ሲሆን፣ አምቦ ላይ ሞቆ የሚፈልቀው ውሃና በጋዝ የሚንተከተከው የማዕድን ውሃም የሚወጣው በዚሁ ስንጥቅ በኩል ነው። የዝናብ ውሃ ወደ ጥልቁ ይሰርጋል፣ ከታች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዋሐደዋል፣ በጋዙ የኮመጠጠው ውሃ ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሸከማል። ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየታሸገ በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው አምቦ ውሃ ይኸው ነው፤ ፋብሪካው ያለው ከከተማው ትንሽ ራቅ ብሎ ሰንቀሌ ነው። በፍልውሃው ገንዳ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ሰው፣ የተራራዎቹን ሥራ ባያየውም በቆዳው እየዳሰሰው ነው። ነገሥታቱ ሀገረ ሕይወት ያሏት ከተማ ዋና ሀብቷ ይህ ውሃ ነው፤ ውሃ ደግሞ በጥድፊያ አይጣጣምም።

የቀረው ሰዓት ለከተማዋ ይበቃል። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተቋቋመው ተቋም ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ስፍራ ነው፤ ተውኔቶቹን ያነበበ ሰው የሸዋን ደጋ እያየ የሚያስበው አያጣም። መመለሻው መንገድ ላይ አንድ ማረፊያ ብቻ እፈቅዳለሁ፤ እሱም አዲስ ዓለም ነው። አፄ ምኒልክ ወደ 1900 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ሲጠፋባት፣ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙ ሕንፃም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከመኪና ወርዶ ይህን ለማየት ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ ቀኑንም አያውክም። ሆለታና ጊንጪ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። «ዕቅድ ራሱ መዝናናትን ይገድላል፤ ሰው ሲዝናና እግሩ ወደመራው ነው የሚሄደው» ይላል። ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ይህ እውነት ይመስለኛል። የአንድ ቀን ጉዞ ግን ያልተወሰነ ነገር በወጣ ቁጥር እዚያው ቆሞ መመካከርን ይጠይቃል፤ «ወንጪ እንሂድ ወይስ አንሂድ» የሚለው ክርክር ብቻ አንድ ሰዓት ሲያጠፋ ይታያል። ዋዜማ የተቆረጠ ነገር ማግስቱን ነፃ ያወጣል። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን ያላሰበ ሰው ምሳ ሲያፈላልግ ይውላል፤ በሳምንቱ መጨረሻ ገንዳው እንደሚሞላ ያልገመተ ሰው ወረፋ ይጠብቃል። የመንገዱ ነገር ከሁሉም ይከብዳል። በምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ዓመታት የትጥቅ ግጭት ስላለ፣ የዕለቱን የመንገድ ሁኔታ ከአካባቢው ሰው ሳይጠይቁ መነሣት ወይም ሲመሽ መንገድ መቁረጥ ድፍረት ሊባል አይገባውም፤ ጥንቃቄ ማጣት ነው። የ9 ሰዓቱ መነሻ የማይሻረውም ለዚህ ነው።

ሁሉም መንገደኛ ደግሞ በእኩል አይዝናናም፤ የጉዞ ጽሑፎች ይህን ሸፍነው ማለፍ ይቀናቸዋል። የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን እንውሰድ፤ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችም፣ ከዳያስፖራ የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም ይኖሩባቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት ወንጀል አድርጎ በእስራት ያስቀጣል። በሌላ በኩል ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአምቦ አውራ ጎዳና ቢሄዱ ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም፤ የጓደኛ ወግ ነው። እንግዳውን የሚያሳስተው ይህ ነው፤ የጓደኝነትን ወግ ለጥንዶች የተሰጠ ፈቃድ አድርጎ ይወስደዋል። «ስለ ሽርሽር በሚጻፍ ጽሑፍ ይህ ምን ይሠራል?» የሚል ይኖራል። የመርከቦቹ ታሪክ ይመልስለት። በ1998 እ.ኤ.አ. የካይማን ደሴቶች መንግሥት ግብረ ሰዶማውያን መንገደኞችን የጫነ መርከብ ወደቡ እንዳይጠጋ ከለከለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዶሚኒካ ከመርከብ ሁለት አሜሪካውያን ወንዶች ተይዘው ታስረው ነበር፤ በዚያች ደሴት የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን የሚከለክለው ሕግ በፍርድ ቤት የተሻረው ገና በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲህ ያሉ ጥንዶች ወደብ ሲመርጡ ከሙዚየሙ በፊት ሕጉን ማየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ወደ አምቦ ለሚመጡትም ምክሩ ያው ነው፤ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል፣ በአደባባይ ቁጥብነት፣ ግንኙነታቸውን ለማያውቁት ሰው አለመግለጽ። ይህ ከባድ ዋጋ ነው፣ ፍትሐዊነቱም ያከራክራል። «በሰላም ትዝናናላችሁ» ብሎ ማሳሳት ግን ከዚህ ይብሳል፤ ይህን አይቶ አለመምጣትን የመረጠ ሰውም ዕቅዱን በሚገባ አውጥቷል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ «ለነዳጅ ይህን ያህል ከፍዬ ወንጪን ሳላይ ልመለስ?» ነዳጁ ውድ መሆኑ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ወንጪን ከአምቦ ቀን ላይ መለጠፍ አይደለም። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል ስለሆነ ከአዲስ አበባ በወሊሶ በኩልም ይደረሳል። ማደር የሚችል ሰው የመጀመሪያውን ቀን ለፍልውሃው ሰጥቶ አምቦ ያድራል፣ በማግስቱ ማልዶ ወደ ወንጪ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላም በወሊሶ በኩል ይመለሳል። ዙሪያው በአንድ ጉዞ ይሞላል፣ ተመላልሶ ያንኑ መንገድ ማየትም የለም። ማደር የማይችል ደግሞ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። ጉልበቱ ጠንካራ የሆነና ቀዝቃዛ አየር የሚወድ ወንጪን ይያዝ፤ አረጋዊ ወላጅ ወይም ሕፃን ልጅ ይዞ የሚሄድ ግን ወደ ገንዳው ይሂድ፤ ፎጣ ይያዝ፣ 9 ሰዓት ሲል ደግሞ ውሃው ቢጥመውም ይውጣ።