ከቀብር በኋላ ስልኩን ማን ይይዘዋል?

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተበተነ። ድሮ በአጥር የሚሰማው የጎረቤት ወሬና የዕድር ጥሪ ወደ ስልክ ገባ። የፈረሰው ግቢ ፎቶም ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ከቤት ዕቃው ጋር ሌላ የሚረከበው ነገር አለ፤ በሟቹ ስልክ ቁጥር የተቆለፈ ቴሌብር፣ የባንክ መተግበሪያ፣ ጂሜይል፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ጥፋት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ስልኩ «ይሠራል እኮ» ተብሎ ከቤቱ ልጆች ለአንዱ ይሰጣል፤ እሱም ያለውን አጥፍቶ የራሱን ሲም ይከትበታል። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያ በወጣው ሲም ነው። ካርድ ሳይሞላበት የቆየ ሲም ደግሞ ይዘጋል፤ ቁጥሩም ተመልሶ ለማይታወቅ ሰው ሊሸጥ ይችላል። አዲሱ ባለቤት በሟቹ ቁጥር ኮድ ተቀብሎ አካውንት ለመክፈት ቢሞክር የሚከለክለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲሙ ከስልኩ አይውጣ፣ በየጊዜው ጥቂት ብር ይሞላበት። ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተጠቀሙበትን አካውንት ይሰርዛል፤ ቴሌግራምም ባለቤቱ በቅንብሩ ያስቀመጠው የመጥፋት ጊዜ ሲሞላ መልእክቱን ሁሉ ይዞ ይጠፋል።

ስልኩን መጠበቅ ግን በስልኩ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ማለት አይደለም። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ልጅ ለድንኳንና ለንፍሮ ብሎ ከቴሌብር ወይም ከባንክ ቢያስተላልፍ፣ ሐሳቡ ቅን ቢሆንም፣ የነካው የሁሉንም ወራሾች ንብረት ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ውርስ በሞት ጊዜ ይከፈታል፤ ለወራሾች የሚተላለፈውም መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ጭምር ነው። ሟቹ በቴሌብር «መላ» ወይም «እንደኪሴ» የወሰደው ብድር ካለ እሱም በውርሱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የቀብር ወጪ ከውርሱ ዕዳዎች ሁሉ ቀድሞ የሚከፈል ስለሆነ ከራሳችሁ ኪስ አውጥታችሁ ደረሰኙን መያዝ ይሻላል።

መንገዱ ይህ ነው። ሞቱ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው የሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል። በምስክር ወረቀቱ የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ባንኩና ወደ ኢትዮ ቴሌኮም የሚኬደው። እዚህ ላይ ብዙ ሚስቶችንና ባሎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ ኑዛዜ ከሌለ የትዳር ጓደኛ በሕጉ ወራሽ አይደለም። ከጋራ ሀብቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ የሟቹ ድርሻ በቅድሚያ የልጆቹ ነው። ስለዚህ ስልኩ በባለቤት እጅ መሆኑ በውስጡ ባለው ገንዘብ ላይ ለማዘዝ አያበቃም።

ፌስቡክ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ከሕግ በፊት መርዶ ይቀድማል። ዋሽንግተን ወይም ቤሩት ያለች ልጅ የአባቷን ሞት መስማት ያለባት ወዳጅ ዘመድ በማለዳ ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዟት ነው። የሩቅ ወዳጅ «ነፍስ ይማር» ብሎ በአባትየው ገጽ ላይ ከለጠፈ ግን መርዶው በአውቶቡስ ውስጥ ብቻዋን ሳለች ይደርሳታል። እንዲህ ያለው ጥድፊያ ነውር ነው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። መርዶው ተነግሮ ሲያበቃ ቤተሰቡ የሞት ማስረጃ አያይዞ ገጹ የመታሰቢያ እንዲሆን ወይም እንዲሰረዝ መጠየቅ ይችላል። መታሰቢያ የሆነ ገጽ ማንም ሊገባበት ስለማይችል በሟቹ ስም «ለቀብር አዋጡ» ብሎ ገንዘብ የሚለምን አጭበርባሪ መግቢያ ያጣል። ፌስቡክ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው በሕይወቱ ሳለ የገጹን አደራ ተቀባይ እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ ተቀባዩ ፎቶ ይቀይራል፣ ጽሑፍ ይለጥፋል፣ የግል መልእክት ግን አያነብም። ሙት ወቃሽ ላለመሆን ይህ ገደብ ደግ ነው።

ለካዛንቺስ ልጅ ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት ጎግል ነው። የድሮው ቤት፣ የበረንዳው፣ የሠርጉ ፎቶ በራሱ ጊዜ እየተጫነ የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ቤቱ ፈርሷልና ተመልሶ የሚያነሳው የለም። ጎግል ደግሞ 2 ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ የግል አካውንትን ከነይዘቱ ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራውን ጀምሯል። መፍትሔው በባለቤቱ እጅ ነው፤ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ከ3 እስከ 18 ወር ከጠፋሁ ይዘቱ ለእገሌ ይድረስ ብሎ እስከ 10 ሰው መመዝገብ ይቻላል። ይህን ሳያደርግ ከሞተ ቤተሰቡ ለጎግል በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማስረጃ አቅርቦ ይለምናል፤ የይለፍ ቃሉን ግን አያገኝም። አይፎን የሚይዝም በተመሳሳይ አደራ ተቀባይ መሰየም ይችላል፤ አፕል ለተቀባዩ ከሚሰጠው ቁልፍ ጋር የሞት ማስረጃም ይጠይቃል።

የዕድሩን የቴሌግራም ቡድን የከፈቱ ጸሐፊ ካሉም ባለቤትነቱን በጤናቸው ለሌላ ሰው የሚያስተላልፉበት መንገድ አለ፤ አስቀድሞ ተጨማሪ የይለፍ ቃል ማብራት ይጠይቃል።

ኑዛዜን በተመለከተ፣ በቴሌግራም የተላከ ድምፅ ለዚህ አይበቃም። በተናዛዡ እጅ የሚጻፍ ኑዛዜ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። እዚያ ላይ የትኛው ባንክ፣ የትኛው ቁጥር፣ የትኛው ኢሜይል እንዳለ ይጻፍ። የይለፍ ቃል ግን አይጻፍ፤ ኑዛዜው ፍርድ ቤት ቀርቦ ወራሾች ሁሉ የሚያነቡት ወረቀት ነው። የይለፍ ቃሉን ለብቻው አሽጎ ለሚታመን ሰው መስጠት ይቻላል፤ የይለፍ ቃሉ በተቀየረ ቁጥርም ወረቀቱ አብሮ ይቀየር።