ደብል ቤዝ ለኦዲሽን ሲቃኝ

ቫዮሊን ተጫዋች የብራምስን ኮንቸርቶ ይዞ ለፈተና ሲቀርብ በየትኛው ኪይ እንደሚጫወተው የሚጠይቀው የለም። ዲ ሜጀር ነው፤ አለቀ። ደብል ቤዝ ተጫዋቹ ግን የኩሰቪትስኪን ኮንቸርቶ ሲመርጥ ሌላ ጥያቄ ይከተለዋል፦ በኤፍ ሻርፕ ማይነር ነው ወይስ በኢ ማይነር? ሁለቱም ያስኬዳሉ። ፊቱ የሚዘረጋው ኖታ አንድ ነው፤ ጣቶቹም የሚያርፉት እዚያው ቦታ ላይ ነው። የሚለየው ክሮቹ የተቃኙበት ከፍታ ነው።

በኦርኬስትራ ውስጥ የደብል ቤዝ አራት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ላይ ይቃኛሉ። የታችኛው ኢ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚርገበገበው። ለቡድኑ መሠረት ለመጣል ይህ ጥልቀት ጸጋ ነው፤ ብቻውን ወጥቶ ዜማ ለሚጫወት ሰው ግን ፈተና ይሆናል፤ ሌሎቹ መሣሪያዎች በቀላሉ ይውጡታል። ስለዚህ ሶሎ ተጫዋቾች አራቱንም ክሮች አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ አድርገው ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤ ላይ ይቃኟቸዋል። ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አንዳንዱን ክር ብቻ ስለሚነካ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይለወጣል። እዚህ ግን አራቱም እኩል ስለሚወጡ ለጣት የሚለወጥ ነገር የለም፤ በኢ ማይነር የተጻፈው ሁሉ በኤፍ ሻርፕ ማይነር ይሰማል።

ታዲያ በኦርኬስትራው ቅኝት ሆኖ ጣትን ከፍ እያደረጉ ኤፍ ሻርፕ ማይነርን መጫወት አይቻልም ወይ? ይቻላል፤ ግን ኪሳራ ነው። የደብል ቤዝ ኮንቸርቶዎች የተጻፉት ጣት ያልነካው ክር በሚሰጠው ድምፅና በሃርሞኒክስ ላይ ተማምነው ነው። ሃርሞኒክስ ማለት ክሩን ሳይጫኑ ነካ በማድረግ ብቻ የሚወጣው ፉጨት መሰል ድምፅ ነው። ቦታው ሲዛወር ይህ ሁሉ ይጠፋል።

የኦርኬስትራውን ክር ዝም ብሎ ማጥበቅም አያዋጣም። ያው ክር አንድ ሙሉ ድምፅ እንዲወጣ ውጥረቱ ከሩብ በላይ መጨመር አለበት፤ ሸክሙን የሚቀበሉት ብርኩማውና የፊት ሳንቃው ናቸው። ለዚህ ነው ለሶሎ ቅኝት ቀጠን ያሉ ክሮች ለብቻ የሚሠሩት። እነሱም አዲስ ሲታሰሩ እስኪረጉ ድረስ ከቅኝት እየወጡ ያስቸግራሉ።

ለኦዲሽን ዘወትር የሚጠየቁት ኮንቸርቶዎች ጥቂት ናቸው። ሰርጌይ ኩሰቪትስኪ የራሱን በ1905 ሞስኮ ላይ ለሕዝብ አቀረበው፤ በኋላ ከ1924 እስከ 1949 የቦስተን ሲምፎኒ መሪ ሆኖ ነው ዓለም ያወቀው። የጆቫኒ ቦቴሲኒ ሁለተኛ ኮንቸርቶ በሶሎ ቅኝት ቢ ማይነር፣ በኦርኬስትራው ኤ ማይነር ይሆናል። (በነገራችን ላይ በ1871 ካይሮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውን የቨርዲን «አይዳ»፣ ያንን የኢትዮጵያዊት ልዕልት ታሪክ፣ በመሪነት ያስጀመረው ይኸው ቤዚስት ነው።)

የሌሎቹ ሁለት አቀናባሪዎች፣ የዲተርስዶርፍና የቫንሃል፣ ኮንቸርቶዎች ነገር ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ሁለቱም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለቪየና ቅኝት ነው የጻፉት። በዚያ ቅኝት የላይኞቹ ክሮች ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ ስለሆኑ የዲ ሜጀር ኮርድ ያለ ጣት ይገኛል። ያኔ ከክር ወደ ክር በቀላሉ ይዘለል የነበረው ዜማ ዛሬ በአራተኛ ርቀት በተቃኘው መሣሪያ ላይ እጅን ወደ ላይና ወደ ታች ያስሮጣል። የቫንሃል ኮንቸርቶ በተለያየ ኪይ ታትሞ የሚሸጠውም በዚህ የተነሳ ነው። «ደራሲው በጻፈበት ኪይ ብቻ ካልሆነ» የሚሉ ሰዎች ስለዚህ አያሳምኑኝም፤ የተጻፈበት መሣሪያ ራሱ እጃችን ላይ የለም።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንግባ። ከኮንቸርቶው ቀጥሎ ተፈታኙ ከኦርኬስትራ ሥራዎች የተመረጡ ምንባቦችን ይጫወታል፤ የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍልና የሞዛርት 40ኛ ሲምፎኒ አይቀሩም። እነዚህ በኦርኬስትራው ቅኝት ነው የሚጠየቁት። በሶሎ ቅኝት የገባ ሰው ወይ ሁለተኛ መሣሪያ ተሸክሞ መምጣት አለበት፣ ወይ በጭንቅላቱ እያዛወረ መጫወት። ጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች ውስጥ ሶሎ ቅኝት የተለመደ ስለሆነ ብዙዎች ሁለት መሣሪያ ያዘጋጃሉ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ተፈታኝ ኮንቸርቶውንም ምንባቦቹንም በአንድ መሣሪያ፣ በኦርኬስትራው ቅኝት ይጨርሳል።

እኔ የአሜሪካኖቹ መንገድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማስታወቂያው ሶሎ ቅኝት ብሎ ካላዘዘ በስተቀር። የሶሎ ቅኝት ድምፅ ጥርት ማለቱ አይካድም፤ ኩሰቪትስኪም በኢ ማይነር ትንሽ ይጨልማል። ዳኞቹ የሚፈልጉት ግን በየሳምንቱ አጠገባቸው ተቀምጦ ከቡድኑ ጋር የሚዋሃድ ሰው ነው። የሚያዳምጡት ምቱን፣ የድምፁን ልክነትና የደጋኑን አያያዝ ነው። እጅ በለመደው ክር ላይ እነዚህ ሦስቱ ይረጋጋሉ።

ከተወሰነ በኋላ የሚዘነጋው የፒያኖው ኖታ ነው። ቤዚስቱ ገጹን ሳይቀይር ቅኝት ሊቀይር ይችላል፤ አጃቢው ግን ለእያንዳንዱ ቅኝት ሌላ ኖታ ያስፈልገዋል። የተሳሳተው ከቀረበለት ሁለቱ በአንድ ሙሉ ድምፅ ተለያይተው ይነሳሉ፤ ይህ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ ላለ ዳኛም አይሰወርም። ተፈታኝ ከሆኑ ለፒያኒስቱ የኮንቸርቶውን ስም ብቻ ነግረው አይለፉ፤ የሚሰማበትን ኪይ ይንገሩት፣ ኖታውንም ራስዎ ቀድመው ይላኩለት።