የድራፍቱ ጋዝ በአንድ ሌሊት ለምን ያልቃል?

ሚዛንና ቴፒ ላይ ድራፍት የምትሸጡ ወዳጆቼ፣ ቡና ለቀማው ደርሶ ቤቱ ሲሞላ ስልኬ የሚጮኸው ለዚህ ነው፦ «ማታ የነበረው ጋዝ ጠዋት የለም፤ ጃምቦው አረፋ አልባ ሆነ።» በርሜሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

በርሜሉ አናት ላይ ያለውን መክፈቻ እጀታውን አንስታችሁ አላቅቁት። የሲሊንደሩን ቫልቭ ዝጉና ጌጁን ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። ቀስቱ ከወረደ ጋዙ የሚያመልጠው ከሲሊንደሩ እስከ መክፈቻው ባለው መስመር ነው። ካልወረደ ግን በርሜሉ አፍ ላይ ያለውን ጎሚኒ ተጠራጠሩ። መክፈቻው ሳይነሳ ብትለኩ ቀዝቃዛ ቢራ ራሱ ጋዝ ስለሚመጥ ትሳሳታላችሁ።

ከዚያ ቫልቩን ከፍታችሁ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ቀቡ። አንድ ቤት ሦስት ሲሊንደር ከባከነ በኋላ ያገኘሁት ጥፋት ሬጉሌተሩ ሲሊንደሩን የሚይዝበት ዳዶ ውስጥ ያለች የተሰነጠቀች ሮንዴላ ነበረች። ሳሙናው ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል አረፋ ታብጣ ትፈነዳለች፣ ደግሞ ታብጣለች። ዳዶውን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ሮንዴላዋን ቀይሩ። ጎሚኒ ላይ ቫዝሊን አትቀቡ፣ ያበላሸዋል።

የሲሊንደሩን ግፊት አይታችሁም «ሙሉ ነው» አትበሉ። ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ጌጁ እምብዛም አይወርድም፤ በሚዛን መዝኑት።

አደራ፦ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። ጋዝ ያመለጠበት ዝግ መጋዘን ውስጥ በሩን ከፍታችሁ ሳታናፍሱ አትግቡ።