ላሞችን በቀጠሮ ስለ ማዳቀል

ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ይኸውም ድራትዋ፣ በአማካይ በየ21 ቀኑ ይመለሳል፤ የሚቆየው ግን ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ምልክቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው ሌሊት፣ ባለቤትዋ ተኝቶ ሳለ ነው። እንደ ጅቡቲ ከተማ እንደ ካርቲየ 3 ባለ ሞቃት ስፍራ ደግሞ ሙቀቱ ምልክቱን ያደክመዋል። ይህ ሰዓት ሳይታወቅ ካለፈ ባለከብቱ ሌላ 3 ሳምንት ይጠብቃል፤ ጥጃውም ወተቱም ይዘገይበታል።

ስለዚህም ሊቃውንት ድራቱን ከመጠበቅ ይልቅ በመድኃኒት መቅጠርን መረጡ። ነገሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ በላሚቱ እንቁልጢ ላይ ቢጫ አካል የሚባል እጢ ይበቅላል፤ እርሱም ፕሮጄስቴሮን እያመነጨ ድራትን ይከለክላል። ፕሮስታግላንዲን የተባለው መድኃኒት በመርፌ ሲሰጥ ቢጫው አካል ይከስማል፤ ላሚቱም ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ትደራለች።

በኢትዮጵያ ይህ ዘዴ በ2011 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በአዲግራትና በመቀሌ፣ እንዲሁም በሐዋሳና በዳሌ አካባቢ በብዙ ላሞች ላይ ተሞከረ። ባለሙያው በእጁ ዳስሶ ቢጫ አካል ያላቸውን ይመርጣል፤ አንድ መርፌ ወግቶም ድራታቸው ሲታይ ያዳቅላቸዋል። አዳቃዩም ለአንዲት ላም ብቻ ሩቅ መንገድ ከመሄድ ይድናል።

ድራቱን ማየት እንኳ የማያስፈልገው ሌላው ዘዴ በ1995 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተገለጸው ነው። በመጀመሪያው ቀን እንቁላል የሚያስወጣ ሆርሞን፣ ከ7 ቀን በኋላ ፕሮስታግላንዲን፣ ከዚያም ከ2 ቀን በኋላ የፊተኛው ሆርሞን ዳግመኛ ይሰጣል። እንቁላሉ ከመጨረሻው መርፌ ከ24 እስከ 32 ሰዓት በኋላ ስለሚወጣ፣ ላሚቱ በ16ኛው ሰዓት ገደማ ብትዳቀል ዘሩ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መኖን አይተካም፤ የከሳች ላም ብትወጋም መፅነስዋ ያጠራጥራል። ከወለደች 2 ወር ያልሞላትንም ማጣደፍ አይገባም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን እርግዝናን አስቀድሞ መመርመር ነው፤ ፕሮስታግላንዲን ያረገዘችን ላም ሊያስወርዳት ይችላልና። እርጉዝ ሴቶችና የአስም ሕመምተኞችም መድኃኒቱን መንካት የለባቸውም፤ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባልና። ስለሆነም መርፌው በከብት ሐኪም እጅ ብቻ ይሰጥ፤ ቀኑና ሰዓቱም በጽሑፍ ይያዝ። ቀጠሮው ከተዛባ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይቀራል።