የዐይነ ምድር ምርመራ ውጤት ምን ይነግረናል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለሆድ ሕመም ይልቁን ይሠራል። ስለ ዐይነ ምድር መናገር ነውር እየመሰለው፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት ሳለ ለወራት ዝም የሚል ሰው ጥቂት አይደለም፤ ሌላውም ሳይመረመር ሜትሮኒዳዞል እየገዛ ይውጣል።

ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ኮተቤ ባሉት የየካ መንደሮች ሆዱን የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ በመጀመሪያ የሚታዘዝለት በአጉሊ መነጽር የሚደረገው ምርመራ ነው። መርማሪው የሚፈልገው አሜባን፣ ጃርዲያን፣ የትላትል ዕንቁላልን፣ እንዲሁም የደምና የመግል ሕዋሳትን ነው። በወረቀቱ ላይ «ኖ ኦ ፒ ሲን» ተብሎ ቢጻፍ፣ ዕንቁላልም ሆነ ጥገኛ ተውሳክ አልታየም ማለት ነው እንጂ አንጀቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። የሚንቀሳቀሰው አሜባ ፈጥኖ ስለሚሞት፣ ናሙናው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልታየ ሊሰወር ይችላል። በአንጻሩም ጉዳት የማያደርስ የአሜባ ዓይነት በመልኩ ጎጂውን ስለሚመስል፣ «አሜባ ተገኘ» መባሉ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አያረጋግጥም።

ተቅማጡ ከአራት ሳምንት በላይ ሲቆይና ሰውነት ሲከሳ፣ ሐኪሙ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነትን ሊጠረጥር ይችላል። ይህም የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አንጀቱን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ሲሆን፣ ዋናዎቹ ዓይነቶች ክሮንና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ይባላሉ። በዚህ ጊዜ ካልፕሮቴክቲን የተባለው ፕሮቲን ይለካል። ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ ተቆጣው አንጀት ሲጎርፉ ይህን ፕሮቲን ስለሚለቁ፣ በዐይነ ምድር ውስጥ መጠኑ ይጨምራል።

በአዋቂ ሰው በአንድ ግራም ከ50 ማይክሮግራም በታች ከሆነ፣ ብግነት የመኖሩ ነገር አነስተኛ ነው። ከ50 እስከ 250 ያለው አጠራጣሪ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ምርመራው ይደገማል፤ ከ250 በላይ የሆነው ብግነት መኖሩን በብርቱ ያመለክታል። ወሰኑ ግን እንደየላቦራቶሪው በመጠኑ ይለያያል።

ነገር ግን ጢስ እሳት መኖሩን ይናገራል እንጂ ማን እንዳነደደው አይናገርም። ተላላፊ ተቅማጥ፣ የአንጀት ቲቢ፣ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችም ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል። በአገራችን ይህን መለየት እጅግ ያስፈልጋል፤ የአንጀት ቲቢ ክሮንን አጥብቆ ይመስላልና። ብግነትን ለማብረድ የሚሰጠው ስቴሮይድ ቲቢ ወይም አሜባ ላለበት ሰው በስሕተት ቢሰጥ፣ በሽታው ተባብሶ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ አንጀቱ በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ መመርመር አለበት።

እንግዲህ ናሙናውን ሽንት ሳይቀላቀልበት በንጹሕና በደረቅ ዕቃ ፈጥነን እናድርስ፤ የምንወስደውንም ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ እንንገር። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚጠጣም ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። ደም፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ድካም ያለበት ግን ቀን ሳይቆጥር ወደ ሐኪም ይሂድ። መምህራንም ይህን ጉዳይ ያለ ሐፍረት ቢያስተምሩ፣ ዝም ብሎ የሚሠቃየውን ተማሪ ይረዱታል።